ውሻውም ከከብቱ ጋር ይከተብ

በየዓመቱ በሚካሄደው የእንስሳት ሀብት ናሙና ቆጠራ ከብት፣ በግ፣ ፍየል፣ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያ፣ ግመልና ዶሮ ይመዘገባሉ፤ የንብ ቀፎ እንኳ አይቀርም። ከቆጠራው የሚቀሩት ውሻና ድመት ናቸው። ሁለቱም ግን በሀብሩም ሆነ በጉባላፍቶ፣ በመርሳም ሆነ በወልድያ ከአርሶ አደሩና ከከተሜው ደጅ የማይጠፉ እንስሳት ናቸው። ውሻው ሌሊት በረቱን ከጅብ ይጠብቃል፤ ማሽላው ሲያሽት ደግሞ ከልጆቹ ጋር ማሳ ውሎ ዝንጀሮውንና ከርከሮውን ያባርራል። ድመቷ ጎተራውን ከአይጥ ትጠብቃለች። አይታለቡም፣ አይታረዱም፣ እንደ በግና እንደ ፍየል ገበያ ወጥተው ዋጋ አያወጡም። ስለዚህም ስማቸው በዕቅድም በሪፖርትም እምብዛም አይነሳም።

ያልተቆጠረ እንስሳ አይታቀድለትም፤ ላልታቀደለትም ክትባት፣ ማቀዝቀዣና ባለሙያ አይመደብለትም። የዚህ ዝንጋታ ጉዳት በውሻው ላይ ብቻ አይቀርም። በተነከሰ ሕፃን፣ በታመመች ላም፣ አንጎሉ ውስጥ እባጭ ይዞ በአንድ ቦታ በሚሽከረከር በግ ላይ ይታያል። በመሆኑም የውሻና የድመት አያያዝ የከተማ ሰው ቅንጦት ተደርጎ መታየቱ ሊቀር ይገባል። ጉዳዩ የእንስሳት ጤና ጉዳይ ነው። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ሆኑ አርሶ አደሮች እንደ ከብት ክትባት ሁሉ በዕቅድ ሊይዙት የሚገባ ሥራ ነው።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው ለወሎ አዲስ አይደለም። የታሪክ ጽሑፎች እንደሚያመለክቱት እ.ኤ.አ. በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ የውሻ እብደት ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር፤ በ1903 ደግሞ በአዲስ አበባ ተከስቷል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም በሽታው ከሀገሪቱ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በጋራ ተቀምጠው ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉ በሽታዎች መካከል ቅድሚያ የሚሹትን አምስቱን ሲለዩ አንደኛ ያደረጉት የእብድ ውሻ በሽታን ነው። አባ ሰንጋ ሁለተኛ ሆኖ ተከተለው። አምስተኛው በውሻ አንጀት ውስጥ በሚኖር ትል የሚመጣው የኢኪኖኮከስ በሽታ ነበር። በዝርዝሩ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ የሰፈሩት ሁለቱም በሽታዎች በዋናነት ወደ ሰው የሚደርሱት በውሻ በኩል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎች በእብድ ውሻ በሽታ ይሞታሉ። ከ100 የሰው ሕመሞች እስከ 99 የሚደርሱት ከውሻ የመጡ ናቸው። ከሟቾቹ ከ100 40 ያህሉ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከብት ይዞ የሚውለው፣ ከውሻ ጋር የሚጫወተው፣ ሲነከስም ቁጣ ፈርቶ ለወላጁ ሳይናገር የሚያድረው ልጅ ነው። ስለዚህ ልጅ የተነከሰ ዕለት እንዳይደብቅ በቤትም በትምህርት ቤትም ሊነገረው ይገባል። ተነክሶ መጥቶ የሚቆጡት ልጅ በሌላ ጊዜ ቢነከስ አይናገርም።

የበሽታው ቫይረስ ያለው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው። በንክሻ፣ በጭረት ወይም ቁስልን በመላስ ወደ ሰውነት ይገባና በነርቭ መስመር ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ብዙውን ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ በሳምንት ሊታይ፣ ከዓመት በላይ ሊቆይም ይችላል። ይህ ጊዜ ክትባቱን ለወሰደ ሰው መዳኛ ነው፤ ቁስሉ ስለደረቀ ዳንኩ ብሎ ለተቀመጠ ደግሞ መዘናጊያ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም።

ስለዚህ ሰው በተነከሰ ጊዜ መደረግ ያለበት በየቤቱ መታወቅ አለበት። ቁስሉ ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በደንብ ይታጠባል። ሳሙናው ቫይረሱን ስለሚያጠቃው ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ ሕይወት የሚያተርፍ ነው። በቁስሉ ላይ አመድ፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅጠል መጠቅጠቅ፣ በምላጭ መብጣት፣ በእሳት መተኮስም ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ከታጠበ በኋላ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ክትባቱ በአንድ ቀን አያልቅም፤ በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ ስለሆነ ቁስሉ ሻረ ብሎ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ንክሻው ጥልቅ ከሆነ ወይም ፊትና ጭንቅላት ላይ ከሆነ ከክትባቱ ጋር ሌላ ተጨማሪ መርፌ ሊያስፈልግ ስለሚችል የሐኪሙን ምክር መቀበል ግድ ነው።

በገጠሩ ብዙ ሰው የተነከሰ ዕለት በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባህል ሐኪም ወይም ወደ ጸበል ነው። እምነቱ የሚከበር ነው፤ ጸበሉን መጠመቅ ክትባቱን መውሰድ አይከለክልም፣ ክትባቱም ጸበሉን አያስቀርም። የሚጎዳው ቀኑን ማሳለፍ ነው። በዚህ ረገድ ካህናትና ሼሆች ከማንም ባለሙያ በላይ ይሰማሉ። የተነከሰ ሰው ወደ እነርሱ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ ቁስሉን አስታጥበው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩት የወረዳ ጤናና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አብረዋቸው ሊመክሩ ይገባል።

የነከሰውን ውሻ ወዲያው ደብድቦ መግደልም የተለመደ ነው። ውሻው በግልጽ ያበደና ለመያዝ የሚያስቸግር ከሆነ መራቅና ለባለሙያ ማሳወቅ ይገባል። ጤነኛ የሚመስልና ባለቤት ያለው ውሻ ሲሆን ግን አስሮ ለ10 ቀን መከታተል ይሻላል። በነከሰበት ዕለት በምራቁ ውስጥ ቫይረስ የነበረው ውሻ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል፤ ደኅና ሆኖ ከቆየ ለተነከሰው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ይህ ማለት ግን የሰውየው ክትባት 10 ቀን ይጠብቅ ማለት አይደለም። ክትባቱ ወዲያው ይጀመራል፤ የውሻው ሁኔታ ሐኪሙ ቀጣዩን እንዲወስን ይረዳል። ውሻው ከሞተ ሬሳው ባለሙያ ሳያየው መጣል የለበትም።

አርሶ አደሩ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ያበደ ውሻ ሰውን ብቻ አይነክስም፤ ላሙን፣ በሬውን፣ አህያውንም ይነክሳል። በዚህ በሽታ የተያዘች ላም ለሀጯን ታዝረበርባለች፣ ድምፅዋ ተለውጦ ደጋግማ ትጮኻለች፣ መዋጥ ያቅታታል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ጉሮሮዋ ላይ አጥንት ወይም ድንች የተሰነቀረ መስሎት እጁን አፏ ውስጥ ይከታል። በእጁ ላይ ትንሽ ጭረት ካለ በበሽታው ሊያዝ ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየባትን ላም ለይቶ ማሰርና የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥራት እንጂ አፏን መበርበር፣ ማለብ ወይም ሳትሞት ልረዳት ማለት አይገባም። አንድ በሬ ማጣት ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ዓመት እርሻ ማጣት ሊሆን ይችላል። ውሻን መከተብ በሬን መጠበቅ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

በግ አርቢዎች አዙሪት የሚሉትን በሽታ ያውቁታል። በጉ ከመንጋው ይለያል፣ አንገቱን ያዘነብላል፣ በአንድ አቅጣጫ ይሽከረከራል፣ ዓይኑ ይደክማል፣ በመጨረሻም ይሞታል ወይም ሳይሞት ይታረዳል። ጭንቅላቱ ሲከፈት አንጎሉ ውስጥ ውኃ የቋጠረ እባጭ ይገኛል። ብዙዎች የማያውቁት ይህ እባጭ የውሻ የኮሶ ትል ዕጭ መሆኑን ነው። የታረደው በግ ጭንቅላት ለውሻ ይጣላል፤ በእባጩ ውስጥ ያለው ዕጭ በውሻው አንጀት ትል ሆኖ ያድጋል፤ የትሉ ዕንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር በግጦሹ ላይ ይወድቃል፤ በጉም ከሣሩ ጋር ይበላዋል። እንዲህ እያለ በሽታው ከበግ ወደ ውሻ፣ ከውሻ ወደ በግ ሲመላለስ ይኖራል።

በጉበትና በሳንባ ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ እባጭም መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ ልዩነቱ ይኸኛው ወደ ሰውም መሻገሩ ነው። የኢኪኖኮከስ ትል ዕንቁላል በውሻው ፀጉር፣ በአፈሩና ባልታጠበ እጅ በኩል ወደ ሰው አፍ ይገባል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ዓመታት ፈጅቶ የሚያድግ እባጭ ይሆንና ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና አይወጣም። ቄራ በሌለበት ገጠር ሁሉ እርዱ በየደጁ ነው። በፋሲካም ሆነ በአረፋ፣ በሠርግም ሆነ በተዝካር፣ እባጭ የታየበት ጉበትና ሳንባ «ለውሻ ይጣል» ይባላል። ለሰው አይሆንም የተባለው ሥጋ ጥሬውን ለውሻ ሲሰጥ ተመልሶ ለሰውና ለበግ በሽታ እየሆነ ነው። እባጭ ያለበትን የሆድ ዕቃና የታመመ በግ ጭንቅላት ማቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር፣ ለውሻ የሚሰጠውንም ሥጋ በደንብ መቀቀል ያስፈልጋል። ውሻው ደግሞ ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት በባለሙያ ምክር፣ ቢቻል በዓመት አራት ጊዜ ያህል ሊወስድ ይገባል። ውሻውን ሳያክሙ በጉን ብቻ ማከም ቀዳዳ በርሜል መሙላት ነው።

እነዚህን አደጋዎች የሚቀንሰው ክትባትና መድኃኒት ብቻ አይደለም፤ የዕለት አያያዝም ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ብሂል እውነት አለው። የተራበ ውሻ ደጁን አይጠብቅም። ምግብ ፍለጋ ወደ ሉካንዳ ቤቶች፣ ወደ ቆሻሻ መጣያና ወደ ጥንብ ይሄዳል፣ ከሌሎች ውሾች ይጣላል፣ ይነከሳል፣ በሽታውን ይዞ ወደ ቤት ይመለሳል። ቤቱ የበላ ውሻ ግን እምብዛም አይርቅም። ለውሻ የተለየ ድግስ አያስፈልገውም። የተረፈ እንጀራ፣ ገንፎ፣ የተቀቀለ ጥራጥሬና አልፎ አልፎ የተቀቀለ ሥጋና የሆድ ዕቃ ይበቃዋል። በጾም ወራት ሥጋና ወተት ከቤት ሲጠፉ ውሻው አብሮ እንዳይከሳ ሽሮና ባቄላ ሊያግዙት ይችላሉ። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ግን የውሻንም የድመትንም ደም ስለሚጎዳ መስጠት አይገባም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ሲሰበር ስለሚሾል ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

ከምግብ ይልቅ የሚረሳው ውኃ ነው። ውሻ እንደ ሰው በላብ ራሱን አያቀዘቅዝም፤ ሙቀቱን የሚያስወግደው በዋናነት ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው፣ ይህም ውኃ ያስጨርሰዋል። በመርሳና በጊራና ቆላ ፀሐይ ላይ ያለ ጥላ ታስሮ፣ ያለ ውኃ የሚውል ውሻ ይሠቃያል፣ ይነጫነጫል፣ ተናካሽ ይሆናል። አሮጌ ጣሳ ንጹሕ ውኃ ሞልቶ ከጥላ ሥር ማኖር ወጪ የሌለው ሥራ ነው።

አስተሳሰሩም ሊታይ ይገባል። ብዙ ውሻ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ይውልና ሌሊት ይለቀቃል። በአጭሩ ታስሮ፣ በልጆች ድንጋይ እየተወረወረበት የሚውል ውሻ ሲለቀቅ ያገኘውን ይነክሳል። ይህን ጀግንነት ብሎ ማወደስ ስሕተት ነው። ጥሩ ጠባቂ የባለቤቱን ድምፅ የሚሰማ፣ ለእንግዳ የሚጮኽ፣ ሲከለከልም የሚቆም ነው። ገመዱ ረዘም ይበል፣ አንገቱ ላይ ያለው ማሰሪያ አያቁስለው፣ ዱላው ይቅርለት። ጀግና እንዲሆን ተብሎ ጆሮን መቁረጥም ቁስል ከማትረፍ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። ቁንጫና መዥገር እንዳይወርሩት የሚተኛበትን ቦታ መጥረግና ማድረቅ ይጠቅማል። ለእርሻ ወይም ለከብት የተዘጋጀን ፀረ ተባይ በግምት መቀባት ግን ውሻውንም የቀባውንም ሰው ሊመርዝ ስለሚችል ባለሙያ መጠየቅ የግድ ነው።

ሴት ውሻ አርግዛ በሁለት ወር ገደማ ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜ የምትወልዳቸውም ብዙ ናቸው። ባለቤቱ ወንዱን ቡችላ ለጎረቤት ይሰጥና ሴቷን በመንገድ ዳር ይጥላል። ዛሬ የተጣለችው ቡችላ በዓመቷ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ትወልዳለች። የማምከን አገልግሎት በሚገኝበት ቦታ መጠቀም፣ በማይገኝበትም ሴቷ በምትፈልግበት ወቅት ለይቶ ማሰር የወልድያንና የመርሳን ጎዳና ከሚሞሉት ውሾች ብዙውን ይቀንሳል።

ድመትም ልትረሳ አይገባም። ድመት ወተት ብቻ ይበቃታል የሚለው ልማድ ትክክል አይደለም። በሥጋ የምትኖር እንስሳ ናት፤ ካደገች በኋላ ወተቱ የሚያስቀምጣት ድመትም ብዙ ናት። አይጥ እንድትይዝ ተብላ ብትራብ የበለጠ አትይዝም፤ ርሃቡ ያዳክማታል፣ ወይም ወደ ሌላ ቤት ትሄዳለች። ከሁሉ በላይ በአንድ ጎተራ ድመትና የአይጥ መርዝ አብረው አይሆኑም። በመርዝ የደከመውን አይጥ የምትበላው እርሷ ናትና አርሶ አደሩ አይጡን ሊገድል ብሎ ጠባቂውን ይገድላል። ድመት በእብድ ውሻ በሽታም ትያዛለች፣ ታስተላልፋለችም፤ ስለዚህ ክትባቱ ለእርሷም ነው። ነፍሰ ጡር ሴት የድመት ዓይነ ምድር ባትነካ፣ አትክልት ቦታ ሠርታም እጅዋን በሳሙና ብትታጠብ ለጽንሱ ጤና ይበጃል።

ውሻን መንከባከብ ነውር የሚመስላቸው አሉ። ሆኖም በሀብሩ ጎን ለጎን የሚኖሩት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ለእንስሳ መራራትን ከእምነታቸው ተምረዋል። በእስልምና ከብት፣ ሰብልና ቤት የሚጠብቅ ውሻ መያዝ የተፈቀደ ነው፤ የተጠማ ውሻ አጠጥቶ ምሕረት ስላገኘው ሰው የሚነገረውም በሰፊው ይታወቃል። ከምራቁ መጠንቀቅ ውሻውን ከማስከተብና ውኃ ከማጠጣት ጋር አይጣላም፤ እንዲያውም ይስማማል።

ከአርሶ አደሩ ድርሻ ባሻገር ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው ከወረዳና ከከተማ አስተዳደር ነው። አሁን ባለው አሠራር የተነከሰው ሰው የጤና ጽሕፈት ቤት፣ የነከሰው ውሻ የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት፣ በጎዳና የሚዞረው ውሻ ደግሞ የከተማ አስተዳደር ጉዳይ ነው። ሥራው በሦስት ቢሮ ሲከፈል ተጠያቂው ይጠፋል። ጤና ጣቢያው የተነከሰ ልጅ ተቀብሎ ክትባት ጀምሮ በዚያው ቀን ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ካልደወለ ያው ውሻ በማግስቱ ሌላ ልጅ ይነክሳል። ባለሙያው የታመመ ውሻ አይቶ ለጤና ጣቢያው ካላሳወቀም የተነከሱት ሳይታወቁ ይቀራሉ። ይህን ለማስተካከል አዲስ መዋቅር አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የእንስሳት ጤና ባለሙያው ስልክ ተለዋውጠው ንክሻን በዕለቱ የሚነጋገሩበት ግዴታ ቢኖር፣ ወረዳውም በየወሩ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ቢያይ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

ጎዳና ላይ ውሻ ሲበዛ በመርዝ መግደል ለብዙ ከተሞች የቀረበው መፍትሔ ነበር። ይህ በሽታውን አያጠፋም። መርዙ የተከተበውንና ያልተከተበውን አይለይም፤ የሞቱትን ቦታ ከሌላ አካባቢ የመጡና አዲስ የተወለዱ፣ ያልተከተቡ ውሾች ይይዙታል። በየሜዳው የተጣለው የተመረዘ ሥጋም ለአሞራ፣ ለሌሎች እንስሳትና ለልጆች አደጋ ነው። ለከተማ አስተዳደሩ የሚበጀው የሉካንዳና የእርድ ተረፈ ምርት በጎዳና እንዳይጣል መቆጣጠር፣ ቆሻሻን በወቅቱ ማንሳትና ውሾችን ማስከተብ ነው። ውሻን በጎዳና የሚያበዛው የሚበላ ነገር በጎዳና መገኘቱ ነውና።

የሚሠራው መንገድ ይታወቃል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከ100 70 ያህሉ በተከታታይ ዓመታት ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት መንገድ ይቋረጣል። ሜክሲኮ በየዓመቱ ውሾቿን በዘመቻ ስትከትብ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2019 በውሻ በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ የሚደርስን የሰው ሞት ማስቀረቷ በዓለም ጤና ድርጅት የተረጋገጠላት የመጀመሪያዋ ሀገር ሆናለች። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትም ይህንኑ ሞት እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት ግብ አስቀምጠዋል።

ኢትዮጵያውያን አርሶ አደሮችና አርብቶ አደሮች እንዲህ ያለውን ሥራ ከዚህ በፊት ሠርተውታል። በአጤ ምኒልክ ዘመን መጀመሪያ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረሀብ ያመጣው የከብት ደስታ በሽታ የወሎን በረት ባዶ ያስቀረ ነበር። ያ በሽታ በክትባትና ባለማቋረጥ በተደረገ ክትትል ከሀገሪቱ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2011ም ከዓለም ገጽ መጥፋቱ ታወጀ። ለደስታ በሽታ የተቻለው ለእብድ ውሻ በሽታ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ወረዳዎች ዛሬ ሊጀምሩት የሚችሉት ብዙ ነው። አንደኛው ውሻንና ድመትን በየቀበሌው መቁጠር ነው፤ ስንት ዶዝ እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ያኔ ብቻ ነው። ሁለተኛው ለከብት ክትባት ሕዝብ በሚጠራበት ቀን ውሻውም ታስሮ እንዲመጣ ማድረግ ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ በየዓመቱም ይደገምለታል። የተከተበው ውሻ በአንገቱ ምልክት፣ ባለቤቱም በእጁ ካርድ ሊኖረው ይገባል። ሦስተኛው ክትባቱ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ቀበሌ እስኪደርስ በበረዶ ሣጥን መያዙን ማረጋገጥ ነው፤ የሞቀ ክትባት ውኃ መውጋት ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም በነበረው ጦርነት የአካባቢው የጤና ተቋማት ጉዳት ደርሶባቸው ስለነበር የማቀዝቀዣ ጉዳይ ልዩ ትኩረት ያሻዋል። አራተኛው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። ውሻ የሚይዘውና የሚከትበው ባለሙያ ራሱ አስቀድሞ መከተብ አለበት። ሳይከተብ የተላከ ባለሙያ ውሻውን ቢፈራ አይፈረድበትም።

አቅም የለም የሚለው ምክንያት ሙሉ በሙሉ አያስኬድም። በወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ በመርሳ የግብርና ኮሌጅ አለ፣ በሲሪንቃ ለዓመታት በበግና በፍየል ላይ የሠራ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ተማሪዎችን በክትባት ዘመቻ ማሰማራት፣ አዙሪት በየትኛው ቀበሌ እንደሚበዛ ማጥናት፣ መምህራንንና ባለሙያዎችን ማስተባበር የሚቻል ነው። በገንዘብም ቢሆን ውሻው በዓመት የሚያስፈልገው አንድ መርፌ ነው፤ የተነከሰ ሰው ግን በተለያዩ ቀናት ብዙ መርፌ፣ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ፣ ከሥራ መቅረትም አለበት። አርሶ አደሩ ለውሻው ክትባት ጥቂት ብር ቢጠየቅ የሚከፍለው ጥቅሙ ሲነገረው ነው። ኃላፊነቱም የሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ከእጁ ያመለጠ ቢሆን እንኳ፣ ተጠያቂ መሆኑን ይደነግጋል። «ውሻው አመለጠኝ» ማለት ከካሳ አያድንም።

በዚሁ ዞን፣ በላስታ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ፣ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 ከሰው ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች አብዛኛውን ፈጅቷል። እረኛው ይዞት ወደ ደጋው የሚወጣው ውሻ ያልተከተበ ከሆነ በላስታም ያው ሊደርስ ይችላል። የአንድ ውሻ ክትባት ከአንድ ቤት አልፎ የሀገር ሀብት ይጠብቃል።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን መስከረም 18 ይታሰባል። ዕለቱ በአዳራሽ ስብሰባና በባነር ብቻ ማለፍ የለበትም። በዚያ ቀን በሀብሩ፣ በጉባላፍቶና በወልድያ ስንት ውሻ እንዳለ፣ ስንቱ እንደተከተበ፣ ስንት ሰው እንደተነከሰና ስንቱ ክትባቱን እንደጨረሰ የወረዳና የከተማ ኃላፊዎች ለሕዝብ ሊናገሩ ይገባል። አርሶ አደሩም ቀጣዩ የከብት ክትባት ቀን ሲነገረው በሬውን ሲነዳ ውሻውን በገመድ ይዞ ይውጣ፤ ባለሙያው ለውሻው ክትባት አላመጣሁም ካለውም ለምን ብሎ ይጠይቅ።